ፓና ኮታው ለምን አልረጋም? ስለ ክሬም አይነቶችና ተገልብጠው ስለሚቀርቡ ጣፋጮች

ፓና ኮታ ክሬምና ወተት በጄላቲን (በማርጊያ ዱቄት) ረግቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ የጣልያን ጣፋጭ ነው። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደውላ "ፓና ኮታው እምቢ አለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ጠዋት ስገለብጠው ሳህኑ ላይ ፈሰሰ፣ ጣእሙም ሻማ ሻማ ይላል" አለችኝ። ምን ክሬም ነው የተጠቀምሽው ስላት "ክሬም ነዋ!" አለች። ጄላቲኑስ ስንት ነው? "1 የሻይ ማንኪያ።" ለስንት? "ለ1 ሊትር።" በቃ ሁለቱም ችግር ተገኘ። ያልረጋው ጄላቲኑ ስላነሰ ነው፣ ሻማ ሻማ ያለው ደሞ ክሬሙ የወተት ክሬም ስላልሆነ ነው።

እኔ ዱባይ አንድ ሆቴል የጣፋጭ ክፍል ውስጥ 6 አመት ሰርቻለሁ፣ አሁን አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ በትእዛዝ እሰራለሁ፣ እና እንዲህ አይነት ስልክ በየጊዜው ይደወልልኛል፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። እኛ ጋ ክሬም የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተሸክሟል፣ ኬክ ላይ የሚቀባውም ክሬም ነው፣ በዱቄት በፓኮ የሚሸጠውም ክሬም ነው፣ ከወተት ላይ የሚገፈፈውም፣ ሱፐርማርኬት በካርቶን የሚመጣውም ክሬም ነው። ይሄ የሆነው ያለምክንያት አይደለም። እኛ ቤት ቅቤ የሚወጣው ከእርጎ ነው፣ ወተቱ እንዳለ ይረጋል ከዛ ቅል ውስጥ ገብቶ ይናጣል፣ ክሬሙን ለብቻው ለይቶ ማስቀመጥ በእናቶቻችን ማጀት ብዙም የተለመደ አልነበረም። አውሮፓ ግን ክሬሙን መጀመሪያ ይለዩታል፣ ከሱ ቅቤውንም ሶሱንም ጣፋጩንም ይሰሩበታል፣ ለየውፍረቱም ስም አወጡለት።

ክሬም ስትገዙ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን

ዱባይ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር የካርቶኑን ፊት ትቶ ጀርባውን ማንበብ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ስም እንደየአገሩ ይለያያል፣ ጀርባው ላይ ያለው የስብ መጠን ግን የትም ሄዳችሁ አንድ ነው። በ100 ግራም ውስጥ 35 ግራም ስብ ካለ 35% ነው፣ አለቀ።

ቁጥሩ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ክሬም ሲመታ አየር ይገባበታል፣ የአየሩን አረፋ ዙሪያውን ይዞ የሚያቆመው ስቡ ነው። ስቡ ከ30% ካነሰ የሚይዝ ስለማይኖር ቀኑን ሙሉ ብትመቱት ትንሽ አረፋ ያወጣና መልሶ ይተኛል። ክሬሙ ከሞቀም እንደዛው ነው፣ ስቡ ይላላና አየሩን መያዝ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ከፍሪጅ እንደወጣ ነው መመታት ያለበት፣ ሳህኑንና መምቻውንም ግማሽ ሰአት ቀድማችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብትከቱት ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ሌላው የቁጥሩ ጥቅም እሳት ላይ ነው፣ ስቡ ዝቅ ያለ ክሬም ሎሚ ወይ ቲማቲም ካለበት ነገር ጋር ሲፈላ ይጓጉላል፣ 35 እና ከዛ በላይ የሆነው ግን ይችለዋል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሄቪ ክሬም ማለት ቢያንስ 36% ነው፣ ዊፒንግ ክሬም የሚለው ከ30 እስከ 36 ባለው ነው፣ ላይት ክሬም ከ18 እስከ 30፣ ሃፍ ኤንድ ሃፍ ከ10.5 እስከ 18 ስለሆነ ለቡና እንጂ ለመምታት አይሆንም። እንግሊዝ ያላችሁ ሲንግል ክሬም 18፣ ዊፒንግ 35፣ ደብል ክሬም ደሞ 48 ነው፣ ደብሉን ስትመቱት አይናችሁን አትንቀሉ ምክንያቱም በሰከንዶች ውስጥ ያልፍና ወደ ቅቤ ይሄዳል። ዴቨንና ኮርንዎል የሚሰሩት ክሎትድ ክሬም 55% ነው፣ እሱ ስኮን ላይ ከማርማላታ ጋር የሚቀባ ነው፣ ለኛ ስራ አያስፈልግም። እስራኤል ያላችሁ ሻመኔት መቱካ 38 የሚለውን ያዙ፣ 15 የሚለው ለሶስ ነው። አረብ አገር ያላችሁ ደሞ በቆርቆሮ የሚሸጠው ቀሽጣ ወፍራም ስለሆነ ያሳስታል፣ ስቡ 23 ወይ 25% አካባቢ ስለሆነ ብትመቱት አይነሳም፣ ለመምታት ካርቶኑ ላይ 35 የሚል ፈልጉ፣ ቀሽጣው ግን ፓና ኮታ ውስጥ ይገባል። ጣልያን ራሷ ሁለት አይነት አላት፣ ፓና ፍሬስካ የሚሉት 35% ገደማ የሆነ ትኩስ ክሬም ነው፣ ፓና ዳ ኩቺና የሚሉት ደሞ ማወፈሪያ የገባበት የፓስታ ሶስ ክሬም ነው፣ ሁለቱ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ተጠንቀቁ። ሳወር ክሬምና ክሬም ፍሬሽ የኮመጠጡ ናቸው፣ የእርጎ ዘመድ በሏቸው፣ ፓና ኮታ ላይ ከክሬሙ ሩቡን በነሱ ብትተኩት ጣፋጭነቱን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዘዋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ኬክ ላይ የምታዩት በጣም ነጭ የሆነው፣ ሙቀት የማይበግረው ክሬም ብዙውን ጊዜ የአትክልት ዘይት ነው፣ የጾም ኬክ የሚሰራውም በሱ ነው። ለማስጌጥ ጎበዝ ነው፣ አበባ ሰርታችሁበት ሙሉ ቀን ይቆማል፣ ያ ጥንካሬው ግን አፍ ውስጥም አለ፣ ቶሎ አይቀልጥም፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ሻማ ሻማ ያለውም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ስኳር ቀድሞ የገባባቸው ስለሆኑ በፓና ኮታው ልክ ሌላ ስኳር ስትጨምሩበት አይበላም። ለፓና ኮታ አልመክረውም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም፣ ምክንያቱም ፓና ኮታ ማለት በጣልያንኛ የበሰለ ክሬም ማለት ነው፣ ክሬሙ ካልጣፈጠ የሚደበቅበት ሌላ ነገር የለውም።

የካርቶን ክሬሙ ካልተገኘ ወይ ዋጋው ከከበደ ከቤት ማውጣት ይቻላል። ከላም ቤት የመጣ ትኩስ ወተት 3 ሊትር ገዝታችሁ በደንብ አፍሉት (ጥሬ ወተት ሳይፈላ እንዳትነኩት)፣ ሰፊ እቃ ውስጥ አድርጋችሁ ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት ላይ ከላይ የተንሳፈፈውን በጭልፋ ግፈፉት። ስልባቦቱም አብሮ ይመጣል፣ ችግር የለውም፣ ኋላ ስታሞቁት በማጥለያ ታጠሉታላችሁ። ይሄ ክሬም ለመምታት አይታመንም፣ ስቡ ስንት እንደሆነ በእርግጥ አይታወቅም፣ ለፓና ኮታ ግን የካርቶኑ የሌለው የወተት መአዛ አለው። የታሸገው የፋብሪካ ወተት ላይ አትሞክሩት፣ ስቡ ተፈጭቶ እንዳይለይ ተደርጎ ስለሆነ የሚመጣው አንድም አይንሳፈፍም።

ፓና ኮታ

ይሄ ጣፋጭ የሰሜን ጣልያን፣ የፒዬሞንቴ ነው። እቃው ጥቂት ነው፣ 400 ሚሊ ክሬም (35% አካባቢ)፣ 200 ሚሊ ወተት፣ 60 ግራም ስኳር ማለትም 5 የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ፣ ቫኒላ፣ እና 6 ግራም የጄላቲን ዱቄት ማለትም 2 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ። ይሄ ተገልብጦ ለሚቀርብ ነው፣ ሳይገለበጥ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ የምታቀርቡት ከሆነ 4 ግራም ይበቃል፣ እንደውም የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ቅርጽ ማውጫ አትግዙ። የቡና ስኒ አላችሁ አይደል? ጆሮ የሌለው የኛው ስኒ ለዚህ ነገር የተሰራ ነው የሚመስለው፣ ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይለቃል፣ ውስጡ ልሙጥ ነው፣ ሲገለበጥ ደሞ ትንሽዬ ጉልላት ይወጣል። ከዚህ መጠን ከ8 እስከ 9 ስኒ ይወጣችኋል። ውስጡን ሽታ የሌለው ዘይት በጣት ነክታችሁ ቀቡት፣ ከዛ በሶፍት ጥረጉት፣ የሚቀረው ስስ ነገር ይበቃዋል።

ጄላቲኑን 2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ነስንሱት፣ ውሃውን እላዩ ላይ አታፍሱ፣ ዱቄቱ ነው ውሃው ላይ የሚነሰነሰው፣ አለበለዚያ መሀሉ ደረቅ እንክብል ሆኖ ይቀራል። 10 ደቂቃ ይቆይ፣ አብጦ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። በቅጠል መልክ የሚሸጠውን ጄላቲን የምትጠቀሙ ከሆነ ሰፋ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቁት፣ የወርቅ የሚሉት ደረጃ አንዱ ቅጠል 2 ግራም ገደማ ስለሆነ 3 ቅጠል በቂ ነው።

ክሬሙን ወተቱን ስኳሩንና ቫኒላውን ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በመካከለኛ እሳት አሙቁ። እንፋሎት ሲጀምርና ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ አረፋ ሲታይ አውርዱት፣ አይፈላም። ያበጠውን ጄላቲን ጨምራችሁ 1 ደቂቃ አማስሉት፣ በማንኪያ አንስታችሁ ስታዩት ፍሬ ፍሬ ካልታየ ቀልጧል። ጄላቲን እሳት ላይ ብዙ ሲፈላ ጉልበቱን ያጣል፣ ስለዚህ ሁሌም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው የሚገባው። ከዛ አጥልሉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ትኩሱን ወዲያው ስኒ ውስጥ ከገለበጣችሁት ስቡ ወደላይ ወተቱ ወደታች ይሄድና ሲገለበጥ ሁለት ቀለም ይሆናል፣ የቫኒላውም ፍሬ ወደ ስር ይዘቅጣል። ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ትልቅ ሳህን ውስጥ አስቀምጡና ቀስ እያላችሁ አማስሉት፣ እየቀዘቀዘ ሲመጣ እጃችሁ ላይ ይከብዳችኋል፣ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን ያኔ ቅዱት። ከዛ ሸፍናችሁ ፍሪጅ፣ ቢያንስ 4 ሰአት፣ ቢያድር ይሻላል።

ልኩን እንዴት እናውቃለን ላላችሁ፣ ሳህኑን ስትነቀንቁት መንቀጥቀጥ አለበት፣ ማንኪያ ሲገባበት ሳይቋቋም መለየት አለበት። እንደ ጎማ ከዘለለ ጄላቲኑ በዝቷል። እኔ ዱባይ ስጀምር እንዳይፈርስ ፈርቼ ጄላቲን እጨምር ነበር፣ የክፍሉ አለቃ አንዱን ሳህን አንስቶ ወዘወዘውና ምንም ሳይል መልሶ አስቀመጠው፣ ከዛ የራሱን ሰርቶ ጎኑ አስቀመጠ፣ የሱ ሳህኑ ቆሞም ትንሽ ይርገፈገፍ ነበር። ከዛን ቀን ጀምሮ በሚዛን ነው የምሰራው።

ስለ ጄላቲን አንድ ነገር ላንሳ፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፣ የአሳማም የከብትም አለ፣ ስለዚህ ፓኮው ላይ የምን እንደሆነ ካልተጻፈ አትግዙ፣ እንግዶቻችሁ ውስጥ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ስለሚኖር ሀላል የሚል የከብት ጄላቲን ብትይዙ ቢያንስ የአሳማው ጥያቄ ይቀራል። ለጾም ግን የትኛውም አይሆንም፣ ለሱ ከታች እመጣለሁ።

ፓፓያውን ተጠንቀቁ

አንድ አመት ሐምሌ ላይ ለምርቃት 40 ስኒ ፓና ኮታ ታዝዤ ነበር። እናትየዋ ፓፓያ ትወዳለች ተብዬ ማታውኑ በደንብ የረጋው ላይ የተፈጨ ጥሬ ፓፓያ በማንኪያ በማንኪያ አስቀምጬ ፍሪጅ ከተትኩት። ጠዋት ስከፍተው ፓፓያው ወደ ውስጥ ሰምጧል፣ ዙሪያው ውሃ ሆኗል፣ አርባውም። እቃውን ገዝቼ እስከ ቀኑ 8 ሰአት ድረስ እንደገና ሰራሁት፣ በብርጭቆ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ 30 ደቂቃ እያቆየሁ ነው ያደረስኩት።

ምክንያቱ ፓፓያው ውስጥ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ፣ ስጋ ለማለስለስ የሚጠቀሙበት ማለት ነው፣ ጄላቲን ደሞ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ይበላዋል። አናናስ፣ ኪዊ፣ የዛፉ በለስ፣ ጥሬ ዝንጅብልም እንደዛው ናቸው። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ፍሬውን ከትንሽ ስኳር ጋር ለ5 ደቂቃ ማፍላት፣ ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል፣ ሲቀዘቅዝ ማድረግ ትችላላችሁ። የቆርቆሮ አናናስ በፋብሪካ ስለበሰለ ምንም አይልም። እንጆሪ በጥሬው ይሆናል። የኔ ምርጫ ግን ነጭ ማር ነው፣ ቀጠን ያለውን ልክ ስታቀርቡ ከላይ ትንሽ ጠብ ማድረግ።

ለጾም፣ ወይም መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር

እዚህ የሚሰራው አጋር አጋር ነው፣ ከባህር አረም የሚወጣ ዱቄት ነው፣ ከጄላቲን ጋር ባህሪው ተቃራኒ ነው። ጄላቲን 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ነው አፍ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋው፣ ለዚህም ነው ድሬዳዋና ዱባይ ጠረጴዛ ላይ የማይቆመው። አጋር አጋር ከረጋ በኋላ እስከ 85 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም፣ ፍሪጅ እንኳን ሳይኖር ጠረጴዛ ላይ ይረጋል። ነገር ግን አፍ ውስጥ አይቀልጥም፣ ቁርስ ቁርስ ይላል፣ ስለዚህ ማሳነስ ነው።

1 ቆርቆሮ 400 ሚሊ የኮኮናት ወተት (ወፍራሙን፣ ከቻላችሁ የኮኮናት ክሬም የሚለውን)፣ 200 ሚሊ ውሃ፣ 60 ግራም ስኳር፣ ትንሽ ጨው፣ 2 ግራም አጋር አጋር ማለትም 1 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ። አጋሩን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ በጥብጡና ውሃውን ለብቻው አፍሉት፣ መፍላት አለበት፣ ካልፈላ አይሟሟም። አዲስ አበባ ከፍታችን 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ፓኮው ላይ 2 ደቂቃ ካለ እናንተ 5 ደቂቃ እያማሰላችሁ አፍሉት። የኮኮናት ወተቱን ከስኳሩ፣ ከጨውና ከ3 ፍሬ የተወቀጠ ኮረሪማ ጋር ጎን ለጎን አሙቁና ሁለቱንም ትኩስ እንዳሉ ቀላቅላችሁ አጥሉት። ቀዝቃዛ ኮኮናት ላይ ትኩስ አጋር ከጨመራችሁ ወዲያው ክር ክር ሆኖ ይረጋል፣ መመለሻም የለውም እንደገና ካላፈላችሁት በቀር። ስኒ ውስጥ ቅዱት፣ 1 ሰአት።

የቡና ባቫርዋ

ባቫርዋ ከፓና ኮታ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ስራ ነው፣ የእንቁላል ክሬም በጄላቲን ተይዞ በተመታ ክሬም የሚቀል ነገር ነው። ፈረንሳዊው አብሳይ ካሬም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሰራሩን ጽፎታል፣ ቅርጽ ማውጫውን ዙሪያውን በጣት ብስኩት አሰልፎ ይሄንኑ ክሬም መሀሉ የሚሞላው ሻርሎትም የሱ ነው ይባላል። (ሆቴል ቤት የምናውቀው ክሬም ካራሜል ግን በስሙ እንጂ ክሬም የለበትም፣ ወተትና እንቁላል ነው፣ የሚረጋውም ምድጃ ውስጥ በእንቁላሉ ነው።)

250 ሚሊ ወተት ውስጥ 3 የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ቡና ሸርከት አድርጋችሁ ወቅጣችሁ ጨምሩ፣ ዱቄት አይሁን፣ ሽርክት ነው የምንፈልገው። አንዴ ገንፈል ሲል አውርዳችሁ 20 ደቂቃ ክድኑት፣ ከዛ አጥሉት። ቤቱን የሚሞላው ሽታ ብቻውን ይበቃል። 4 የእንቁላል አስኳል ከ80 ግራም ስኳር ጋር እስኪነጣ ምቱት፣ ትኩሱን ወተት ቀስ እያላችሁ አፍስሱበትና ወደ ድስቱ መልሱት። በቀጭን እሳት ሳታቆሙ አማስሉ፣ 82 ዲግሪ ሲደርስ ይወፍራል፣ ከ85 ካለፈ እንቁላል ጥብስ ይሆናል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የእንጨት ማንኪያውን አውጥታችሁ ጀርባው ላይ በጣት መስመር አስምሩ፣ መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል። 7 ግራም ቀድሞ ያበጠ ጄላቲን ጨምሩ፣ አጥሉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ አቀዝቅዙ።

በዚህ መሀል 300 ሚሊ ክሬም (35ና ከዛ በላይ) ምቱ፣ እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን አቁሙ፣ ጫፉ ሲነሳ ጎንበስ የሚል ማለት ነው። ብዙ ሰው እስኪደርቅ ይመታዋል፣ ያኔ ከእንቁላሉ ጋር ሲገናኝ ይጓጉላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሰአት ወሳኝ ነው፣ እንቁላሉ ትኩስ ከሆነ ክሬሙን ያቀልጠዋል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ደሞ ጄላቲኑ ቀድሞ ይይዝና ጓል ይሆናል፣ ለብ ከማለት አለፍ ብሎ መወፈር ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ሲሶውን ክሬም አዋህዱት፣ የቀረውን ከስር ወደላይ እየገለበጣችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገልብጡና 6 ሰአት ፍሪጅ።

አገለባበጡ

ዙሪያውን በጣት ጫፍ ወደ ውስጥ ሳብ ሳብ አድርጉት፣ አየር እንዲገባ ነው፣ የሚይዘው ያለ አየር ስለተለጠፈ እንጂ በሌላ አይደለም። ከዛ ስኒውን እስከ አፉ ድረስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ የሸክላው ስኒ 10 ሰከንድ፣ የብረቱ ቅርጽ 4 ወይ 5 ሰከንድ፣ ብረት ቶሎ ሙቀት ያስተላልፋል። ብዙ ከቆየ ዙሪያው ይቀልጥና ቅርጹ ይጠፋል። ሳህኑን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡት፣ ስኒው ላይ ክደኑት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ገልብጡና አንዴ ወደ ጎን ነቅነቅ። ጠብ የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሳህኑ እርጥብ ስለሆነ መሀል ላይ ካልወደቀ በጣት ገፋ ብታደርጉት ይንሸራተታል። ካልለቀቀ ስኒውን አትምቱት፣ መልሳችሁ 3 ሰከንድ ንከሩት።

ፍሪጅ ውስጥ ሳይገለበጥ፣ ተሸፍኖ፣ 3 ቀን ይቆያል፣ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ግን አርቁት፣ ክሬም ሽታ ቶሎ ይስባል።